ፍላሽ ካርትሪጅ፦ የእጅ ጌም ካሴት ወዴት እያመራ ነው?

የራሳቸው ስክሪን፣ ባትሪና መጫወቻ ቁልፎች ስላሏቸው ቴሌቪዥን ሳያስፈልጋቸው በደጅም በመንገድም የሚያጫውቱ እንደ ጌም ቦይና ኒንቴንዶ ዲኤስ ያሉ መሣሪያዎች፣ ጨዋታቸውን የሚያገኙት ከላያቸው ከሚሰካ ትንሽ ካሴት ሲሆን፣ ይህ ካሴት ካርትሪጅ ይባላል። ከፋብሪካ የሚወጣው ካርትሪጅ እንደ ደንቡ አንድ ጨዋታ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ በላዩ ሌላ መጫንም ሆነ ያለውን መሰረዝ አይቻልም። ፍላሽ ካርትሪጅ ግን በቅርጹ የፋብሪካውን መስሎ፣ በውስጡ ተጽፎ ሊሰረዝና ደግሞ ሊጻፍ የሚችል ፍላሽ ሚሞሪ ስለያዘ፣ ባለቤቱ የፈለገውን ጨዋታ ከኮምፒውተር እየጫነ በአንድ ካሴት መቶም ሺህም ጨዋታ እንዲይዝ ያስችለዋል።

ይህን ዕቃ በጎንደር ሱቆች ተደርድሮ ማግኘት አይጠበቅም። የእነዚህ ማጫወቻዎች አምራች የሆነው የጃፓኑ ኒንቴንዶ በኢትዮጵያ የራሱ መደብር የለውም፤ ወጣቱ የሚሰበሰብባቸው ጌም ቤቶችም በአብዛኛው ፕሌይስቴሽንን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው እግር ኳስ የሚያጫውቱ ሲሆኑ፣ በእጅ የሚያዙት ማጫወቻዎች ወደ ከተማዋ የሚገቡት ይበልጡን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ዕቃው ብርቅ ይሁን እንጂ የሚሠራው ሥራ በአካባቢው በደንብ ይታወቃል። በፒያሳና በአራዳ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳርም ያሉ የሞባይል ጥገና ሱቆች ሚሞሪ ካርድ እየተቀበሉ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልምና ጌም ሲጭኑ ኖረዋል፤ ከዳባትና ከደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ ኔትወርክ ከሚያንስባቸው ከጃናሞራና ከበየዳ ለገበያ የወረደ ሰው ጥፍር በምታክል ካርድ የወራት መዝናኛ ይዞ ይመለሳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ደግሞ ይህ ከእጅ ወደ እጅ የሚደረግ ቅብብል ለብዙዎች ያለ አማራጭ የቀረ መንገድ ነበር።

ስለዚህም የፍላሽ ካርትሪጅ መጪ ዘመን ከጎንደር ሲታይ ከቶኪዮ ወይም ከለንደን ከሚታየው የተለየ መልክ አለው። በእነዚያ ከተሞች ጉዳዩ በአብዛኛው የስርቆትና የሕግ ክርክር ተደርጎ ይወሰዳል፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ደጋ ግን ዋናው ጥያቄ የተገዛው ጨዋታ በእርግጥ በካርዱ ላይ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

በካሴቱ ውስጥ ያለው

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ጌም ቦይ ካሴት ሲከፈት፣ ለዚሁ ሲባል በተሠራ መፍቻ ብቻ ከሚፈታ ብሎን ሥር አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ሰሌዳ ትገኛለች። በሰሌዳዋ ላይ ያለው ዋና ቺፕ ጨዋታውን የያዘው ሲሆን፣ ይዘቱ ቺፑ በፋብሪካ በሚሠራበት ወቅት በሰርኪዩቱ ንድፍ ውስጥ ስለሚቀረጽ ከዚያ በኋላ ማንም ሊለውጠው አይችልም። ተጫዋቹ የደረሰበትን ደረጃ እንዲያስቀምጥ በሚፈቅዱ ካሴቶች ውስጥ ሁለተኛ ቺፕ ይኖራል፤ ይህ ቺፕ ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ የሚረሳ ዓይነት በመሆኑ፣ የሰዓት ባትሪ የመሰለ ክብ ባትሪ ከጎኑ ተበይዶ ማጫወቻው ተዘግቶም ሳለ በጥቂት ኃይል ያቆየዋል። ባትሪው ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ ጨዋታው እንዳለ ይቀራል፤ ተጫዋቹ በልጅነቱ የደከመበት ደረጃ ግን ይጠፋል።

ፍላሽ ሚሞሪን የፈለሰፉት የጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆኑ፣ ግኝታቸውን ለሙያ ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር። አሠራሩ ኤሌክትሮኖችን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን በተከበበ ጥቃቅን ክፍል ውስጥ አስሮ በማቆየት ላይ የተመሠረተ ነው፤ በክፍሉ ኤሌክትሮን መኖሩ ወይም አለመኖሩ የአንድና የዜሮ ምልክት ሆኖ ይነበባል፣ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የታሰረው ስለማይለቀቅ መረጃው ይቆያል። በአሁኑ ጊዜ የሚሠሩት ፍላሽ ካርትሪጆች ጨዋታዎቹን የሚያስቀምጡት በተለመደው ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ነው። ማጫወቻው ሲከፈት መጀመሪያ የጨዋታዎች ዝርዝር ይመጣል፤ ተጫዋቹ አንዱን ሲመርጥ ካሴቱ ያን ጨዋታ ከካርዱ ወደ ፈጣን ሚሞሪ ገልብጦ፣ ከዚያ በኋላ የፋብሪካውን ካሴት ጠባይ አንድ በአንድ ይኮርጃል፤ ማጫወቻውም በፊቱ ያለው ዋናው ካሴት እንደሆነ ቆጥሮ ሥራውን ይቀጥላል።

ስለ ፍላሽ ካርትሪጅ የሚጽፉ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ቢኖር ኒንቴንዶ ራሱ ከመጀመሪያዎቹ አቅራቢዎች አንዱ መሆኑን ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን በጀመረው አገልግሎት፣ ደንበኛው ሊጻፍበት የሚችል ካሴት ገዝቶ ሎውሰን በተባለው በየሰፈሩ በሚገኝ ሱቅ ውስጥ ወደቆመው ማሽን ይወስዳል፤ ዋጋውን ከፍሎም የመረጠውን ጨዋታ ያስጭናል፤ ሲሰለቸው ተመልሶ በሌላ ያስቀይራል። እ.ኤ.አ. በ2000 አገልግሎቱ ለጌም ቦይም ተዳረሰ፤ ሙሉ በሙሉ የተዘጋውም በ2007 ነው። የጎንደሩ ጫኚ ሱቅና የሎውሰን ማሽን የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው ለማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ በጃፓን ከሚከፈለው ገንዘብ ላይ ጨዋታውን የሠራው ወገን ድርሻውን ማግኘቱ ነው። ኩባንያዎቹ ይህን መንገድ ትተው ሁሉንም ወደ ኢንተርኔት መደብር ማዛወራቸው ለራሳቸው ሲበጅ፣ መስመር ላልደረሰለት ሕዝብ ግን ክፍት የነበረ ሕጋዊ በር እንዲዘጋ ያደረገ ውሳኔ ነበር።

ካርድን እየቀያየሩ ይዘትን ማድረስ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚል ዓላማ የተቋቋመው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማያውቁና ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። በታብሌቶቹ ውስጥ የፊደል ጨዋታዎች፣ ተረቶችና የሥዕል ፕሮግራሞች ተጭነው የነበረ ሲሆን፣ በየሳምንቱ የሚመጣ ባለሙያ የሚሞሪ ካርዶቹን እያወጣ በሌላ ይተካ፣ ከወጡትም ካርዶች ልጆቹ ምን እንደተጠቀሙ ይነበብ ነበር። በወራት ውስጥ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው መጠቀም መጀመራቸውን የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በወቅቱ በአደባባይ ተናግረዋል። ሙከራው ለትምህርት ያስገኘው ፍሬ ብዙ ያከራክራል፤ የጨዋታና የትምህርት ይዘት ያለ ኢንተርኔት በካርድ ብቻ እየተመላለሰ ሊዘልቅ እንደሚችል ግን አሳይቷል።

ፍርድ ቤትና ፋብሪካ

ፍላሽ ካርትሪጅን በዓለም ዙሪያ ያስታወቀውም ያስወገዘውም አር4 የተባለው ለኒንቴንዶ ዲኤስ የተሠራ ካርድ ነው። ዲኤስ ከ154 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማጫወቻ በመሆኑ፣ በጥቂት ዶላር የሚገዛ አንድ አር4 እያንዳንዳቸው በ30ና በ40 ዶላር የሚሸጡትን ጨዋታዎች በነፃ ሲያስገኝ ኪሳራው ለአምራቾቹ ቀላል አልነበረም። የቶኪዮ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009፣ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በሐምሌ 2010 ሽያጩን ከለከሉ። ዕቃው ከገበያ አልጠፋም፤ እየተመሳሰለ የተሠራው ርካሹ ዓይነት ወደ ሌሎች አገሮች ጎረፈ። ከእነዚህ አስመሳዮች አንዳንዶቹ በሶፍትዌራቸው ውስጥ የተደበቀ የጊዜ ገደብ ስላለባቸው ቀኑ ሲደርስ ሥራ ያቆማሉ፤ ብዙ ባለቤቶችም ካርዱ የተቃጠለ መስሏቸው ይጥሉታል፤ የማጫወቻውን ቀን ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ግን ብዙውን ጊዜ መልሶ ያስነሳዋል።

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሶፍትዌርን እንደ መጽሐፍና ሙዚቃ ይጠብቃል። አዋጁ አንድን ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለመጠባበቂያ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ሲፈቅድ፣ ያልገዙትን ጨዋታ መጫንና ለገንዘብ ለሌላ ማባዛት ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው። ሕጉ ይህን ቢልም የጨዋታዎቹ ባለቤቶች በአገሪቱ ውስጥ መደብርም ወኪልም ሳይከፍቱ፣ የአገሩም የባንክ ካርድ ያለ ውጭ ምንዛሪ በማይከፍልበት ሁኔታ፣ መክፈል የሚፈልግ የጎንደር ተጫዋች እንኳ የሚከፍልበት መስኮት አያገኝም። ይህ ጥፋትን ሕጋዊ አያደርገውም፤ የቅጂ ንግዱ ለምን እንደማይጠፋ ግን ያስረዳል።

ኩባንያዎቹ ከፍርድ ቤት ይልቅ ያተረፉት በፋብሪካቸው ነው። አዳዲሶቹ ማጫወቻዎች ካርዱ ሲሰካ በምስጢራዊ ቁልፍ ማንነቱን ይመረምራሉ፤ ኢንተርኔት ባገኙ ቁጥርም ያዩትን ለኩባንያው ያሳውቃሉ። በአሜሪካ ስዊች የተባለውን የኒንቴንዶ ማጫወቻ መቆለፊያ የሚሰብር መሣሪያ ይሸጥ የነበረ ቡድን አባል እ.ኤ.አ. በ2022 የ40 ወራት እስራት ተፈርዶበታል። ሚግ ስዊች የተባለው ፍላሽ ካርድ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ቢሸጥም፣ በሰኔ 2025 ተከታዩ ማጫወቻ ስዊች 2 ለገበያ በዋለ በሳምንታት ውስጥ ካርዱን የሰኩ ማጫወቻዎች ከኦንላይን አገልግሎት ተዘግተዋል። ስዊች 2 ለገበያ ሲወጣ በአሜሪካ ወደ 450 ዶላር በተሸጠበት፣ ብርም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን ባጣበት ጊዜ፣ ለአዲስ ማጫወቻ ፍላሽ ካርድ መግዛት አትራፊ ቁማር አይደለም። በዚህ በኩል የፍላሽ ካርትሪጅ ዘመን እየመሸ ነው።

አሮጌዎቹ

ለቆዩት ማጫወቻዎች የተሠሩት ፍላሽ ካርትሪጆች ግን በተቃራኒው እየጠነከሩ መጥተዋል። በዩክሬን የሚሠሩት ኤቨርድራይቭ የተባሉት ካሴቶችና የቻይናው ኢዚ ፍላሽ ለጌም ቦይና ለጌም ቦይ አድቫንስ ዛሬም በአዲስ መልክ ይወጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ባወጣው ጥናት፣ በዚያ አገር ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ እንደማይገኙ፣ ከጌም ቦይ ጨዋታዎችም በሽያጭ ላይ ያሉት 6 በመቶ እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቷል። በዚያው ዓመት በመጋቢት ኒንቴንዶ 3ዲኤስ የተባለውን የእጅ ማጫወቻውን የኢንተርኔት መደብር ሲዘጋ፣ በካሴት ያልወጡ ጨዋታዎች አዲስ ገዢ ሊያገኛቸው በማይችልበት ሁኔታ ከገበያ ወጡ። የሚሸጠው ሰው የሌለውን ጨዋታ ከመጥፋት የሚያድነው ቅጂው ብቻ ነው።

በዚህ ነገር የጎንደር ሰው የራሱ ማስረጃ አለው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ካስቀመጧቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተወስደው ቀርተዋል፤ የጽሑፎቹ ይዘት ሳይጠፋ በአገር ውስጥ ሊነበብ የቻለው ቁም ጸሐፊዎች ከዚያ በፊትም በኋላም በየደብሩ ሲገለብጧቸው በመኖራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራም ያንኑ የመገልበጥ ልማድ በሌላ መሣሪያ የቀጠለ ነበር።

ከብራና ጋር ሲተያይ ግን ፍላሽ ሚሞሪ ዕድሜው አጭር ነው። የታሰሩት ኤሌክትሮኖች በዝግታ ያመልጣሉ፤ አምራቾች በአብዛኛው ለአዲስ ቺፕ የሚሰጡት ግምት ወደ 10 ዓመት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የተጻፈበትና የተሰረዘበት ካርድ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደክማል። ሙቀትም ያፋጥነዋል፤ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነው የጎንደር ደጋ በመሳቢያ የተቀመጠ ካርድ በመተማ ቆላ ከተቀመጠው የተሻለ ዕድል አለው። ፎርጅድ ካርድ ደግሞ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። አታላዩ ነጋዴ 8 ጊጋባይት ብቻ የሚይዘውን ካርድ ተቆጣጣሪ ቺፑን ቀይሮ 128 ጊጋባይት ነኝ እንዲል ያደርገዋል፤ ገዢው ሲጭን ሁሉም የገባ ይመስላል፣ ስሞቹም በዝርዝሩ ይታያሉ፤ ነገር ግን ከ8 ጊጋባይት በላይ የሚመጣው ፋይል በቀደመው ላይ እየተጻፈ ያበላሸዋል ወይም ባዶ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ካርዱን በገዙበት ዕለት እስከ መጨረሻው ሞልቶ መልሶ የሚያነብ ነፃ የመፈተሻ ፕሮግራም ማስኬድ ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን፣ ፍላሽ ካርትሪጅ የሌላውን ጨዋታ ከመገልበጥ አልፎ የራስን ሠርቶ ለመሞከር መዋሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጂቢ ስቱዲዮ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ኮድ መጻፍ የማያውቅ ሰው ለጌም ቦይ ጨዋታ እንዲሠራ ያስችለዋል፤ የተሠራውን በእውነተኛው ማጫወቻ ለመሞከር የሚያስፈልገው አንድ ፍላሽ ካርትሪጅ ብቻ ሲሆን፣ የማንም ፈቃድ አይጠየቅበትም። በአዲስ አበባ ቀኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉ የተባለ ጨዋታ ለሞባይል ስልክ ሠርቶ ኢትዮጵያዊ ጨዋታ እንደሚቻል አስቀድሞ አሳይቷል። በጌም ቦይ ግን ፊደሉ ራሱ እንቆቅልሽ ይሆናል። የማጫወቻው ስክሪን 160 በ144 ነጥቦች ሲኖሩት፣ ሥዕሉ የሚገነባው 8 በ8 ነጥብ ከሆኑ ጡቦች ነው፤ በአንድ ጊዜም 384 ጡቦች ብቻ ይይዛል። ላቲኑ 26 ፊደል ሲኖረው፣ የአማርኛው 33 ፊደላት በሰባት ዘር ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ቁጥሩ ብቻውን ይገባል፤ ነገር ግን በ8 ነጥብ ቁመት ጨን ከጬ መለየት ዓይን ያደክማልና፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ጡብ ቢሰጥ 462 ሆኖ ከመጠኑ ያልፋል። መፍትሔው በአንድ ገጽ ላይ የሚያስፈልጉትን ፊደላት ብቻ እየመረጡ መጫን ነው፤ ይህም ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የአንድ ሴሚስተር ሥራ ሊሆን የሚችል፣ ውጤቱም በእጅ ተይዞ የሚታይ ጥሩ ችግር ነው። ገበጣን በዚያች ትንሽ ስክሪን በአማርኛ መጫወት ከዚህ የራቀ ሕልም አይደለም።

በሌላ በኩል የፋብሪካው ካርድ ራሱ እየተለወጠ ነው። ለስዊች 2 ከሚሸጡት ካርዶች አንዳንዶቹ ቁልፍ ካርድ የሚባሉ ሲሆን፣ በውስጣቸው ጨዋታው የለም፤ ካርዱ የሚሰጠው ጨዋታውን ከኢንተርኔት የማውረድ ፈቃድ ብቻ ነው። ካወረዱት በኋላ በየጊዜው መስመር አያስፈልግም፤ ካርዱ ግን ሁልጊዜ መሰካት አለበት፣ የመጀመሪያው ማውረድም በአሥርና ከዚያ በላይ ጊጋባይት ይቆጠራል። በአንጻሩ ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ትልቅ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ በ64 ጊጋባይት ካርድ ላይ ተጭኖ ይሸጣል፤ አምራቾቹ ካርዱን የሚያጎድሉት ሁልጊዜ ቦታ ስለማይበቃ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። የኩባንያው መደብር አንድ ቀን ሲዘጋ ሙሉው ካርድ መጫወቱን ይቀጥላል፤ ቀድሞ ያልወረደበት ቁልፍ ካርድ ግን ባዶ ፕላስቲክ ይሆናል።

ለልጁ ወይም ለራሱ ከውጭ አገር ዘመድ ማጫወቻ የሚያስልክ የጎንደር፣ የዳባት ወይም የደባርቅ ሰው እንግዲህ ከዋጋው በፊት ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የቁልፍ ካርድ ማስታወቂያ በሣጥኑ ፊት፣ ከታች በኩል ታትሞ ይገኛል፤ ላኪው ከመክፈሉ በፊት ያን አንብቦ ጨዋታው በካርዱ ላይ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ከሌለ አይግዛው።